ሌሊቱን የት እናድራለን? በአሜሪካ አገር በመኝታ መኪና ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች

ከቤተ ሰብ ጉዳይ የሚቈጠር አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ክረምት በገባ ቍጥር ወደዚህ ዓምድ ይመጣል። በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ዕረፍት በሚያገኙበት በሰኔና በሐምሌ ወር፣ ከአገር ቤት የመጡትን አባትና እናት ይዘው፣ አልጋና ምድጃ ያለበትን አውቶሞቢል ተከራይተው አገሩን ለማየት ይወጣሉ። ከዚህ ዓይነቱ መኪና ትንሹን ካምፐር ቫን፣ ትልቁን አርቪ ይሉታል። የመኪናው ኪራይ ከባድ ነው፤ የቤንዚኑም ወጪ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የየሌሊቱ የማደሪያ ቦታ ኪራይ የተጨመረ እንደ ሆነ፣ የቤቱ አባወራ በሦስተኛው ቀን ኪሱን እየዳሰሰ ስለ መመለስ ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ የሚታደርበት ቦታ የት ይገኛል? ብለው ይጠይቁናል።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ወደ ቀረበው ቤት ጠጋ ብሎ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ሰፈር ከመደረጉ አስቀድሞ ውሃውን፣ ሣሩንና እንጨቱን አይተው የሚመለሱ ሰዎች በቀን ይላኩ ነበር። በአሜሪካ አገር የመጀመሪያው ልማድ የለም፤ በማያውቁት ሰው ይዞታ ውስጥ በሌሊት መኪና ማቆም በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚህም የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው ልማድ ግን እዚያም እጅግ ያስፈልጋል። እኛም ይህን ያወቅነው በምክር ሳይሆን በችግር ስለ ሆነ፣ የሆነውን ነገር አስቀድመን እንተርካለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘመዶቻችን ጋር ከላስ ቬጋስ ከተማ ተነሥተን ግራንድ ካንየን የተባለውን ታላቅ ገደል ለማየት በአንድ ትልቅ የመኝታ መኪና ሄድን። በመኪናው ውስጥ ባልና ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የባልየው እናትና እኛ ነበርን። መንገዱ 280 ማይል ያህል፣ ማለት 450 ኪሎ ሜትር ነው። በጧት ለመነሣት አስበን ሳለ ድርቆሹን ማሰር፣ ወጡን በዕቃ መክተት፣ የቡናውን ረከቦት በጨርቅ መጠቅለል ሰዓቱን በላው፤ የተነሣነውም እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በመንገድም ልጆቹ ራባቸው፣ ደከማቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆምን። ወደ ብሔራዊ ፓርኩ በር ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች።

አባወራው እንዲህ ያለው ሰፊ ቦታ ለአንዲት መኪና ማደሪያ አያጣም ብሎ አምኖ ነበር። የማደሪያውን ሰፈር የሚጠብቀው ሰው ግን ቦታው ሁሉ ከብዙ ወራት በፊት በቀጠሮ የተያዘ መሆኑን፣ በፓርኩ ውስጥም ከተወሰነው ቦታ ውጭ በመኪና ማደር የተከለከለ መሆኑን በትሕትና ነገረን። ስለዚህ በጨለማ ወደ ኋላ ተመለስን። ጥቅጥቅ ባለው የጥድ ዱር መካከል አልፈን፣ 60 ማይል ያህል ነድተን ዊልያምስ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ደረስን፤ ከዚያም አልፈን በአንድ ትልቅ መደብር አደባባይ መኪናውን አቆምንና ተኛን። ከሌሊቱ በ7 ሰዓት አንድ ዘበኛ የባትሪ መብራት በመስኮቱ እያበራ በሩን ደበደበ። ሕፃኑ አለቀሰ። አሮጊቷ እናት ነጠላቸውን እየሳቡ «ምን አጠፋን?» ብለው ጠየቁ፤ ልጃቸውም በእናቱ ፊት የሚመልሰው ቃል አጣ። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እንድንሄድ አዘዘን፤ እኛም ሄድን። እስኪነጋ ድረስ በአንድ ቤንዚን ማደያ አጠገብ ሳንተኛ ተቀመጥን።

ሲነጋ አባወራው ወደ ደን መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ጠየቀ። በዚያ ያለችው ሠራተኛ ካርታ ዘርግታ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባውን ሰፊ ቦታ በጣቷ አሳየችው። ከፓርኩ በር ወጥተን በጨለማ ካለፍንበት ዱር ብዙው የካይባብ ብሔራዊ ደን ነበር፤ በዚያም ደን ውስጥ በተፈቀደው መንገድ ዳር ያለ ምንም ክፍያ ማደር ይቻል ነበር። የምንፈልገው ቦታ ለብዙ ማይል በመንገዳችን በግራና በቀኝ ነበረ፤ እኛ ግን በሌሊት አልፈነው ሄድን።

ይህ መሬት ስለ ምን በነፃ እንደ ሆነ ማወቅ ቦታውን ለማግኘት ይረዳል። የአሜሪካ መንግሥት በ1862 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሕግ፣ ሰፍሮ ለሚያለማው ሰው 160 ኤክር መሬት ይሰጥ ነበር። ሰውም ውሃ ያለበትንና ለም የሆነውን እየመረጠ ያዘ፤ ደረቁ፣ ድንጋያማውና ተራራማው ግን ጠያቂ አጥቶ በመንግሥት እጅ ቀረ። በ1976 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህ የተረፈው መሬት በጠቅላላው በመንግሥት እጅ እንዲቈይ ወሰነ። ከሁሉም አስቀድሞ መሬቱ የነባሮቹ ሕዝቦች እንደ ነበረ መርሳት አይገባም፤ ዛሬም ከግራንድ ካንየን በስተ ምሥራቅ ያለው የናቫሆ ሕዝብ ምድር የራሱ አስተዳደር ስላለው፣ በዚያ ለማደር ከእነርሱ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው።

መንገደኛው ለይቶ ሊያውቃቸው የሚገቡት የመሬት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው እጅግ የተዋበው ቦታ ነው፤ በዚያ መግባትም ማደርም ብዙውን ጊዜ በክፍያና በቀጠሮ ነው። ብሔራዊ ደን የሚባለው በ1905 በተቋቋመው የደን መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ሲሆን፣ ስፋቱ ሣራማውን ምድር ጨምሮ 193 ሚሊዮን ኤክር ያህል ነው። ሦስተኛው በ1946 የተቋቋመውና በአጭሩ ቢ.ኤል.ኤም. የሚባለው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ነው፤ ይኸውም 245 ሚሊዮን ኤክር ያህል ስለ ሆነ፣ የአገራችንን የኢትዮጵያን ስፋት ለማከል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በነፃ የሚታደረው በእነዚህ በሁለቱ፣ በደኑና በቢ.ኤል.ኤም. መሬት ላይ ነው። አብዛኛውም በምዕራብ በኩል ይገኛል። በኔቫዳ ግዛት ከመቶ 80 ያህሉ መሬት የመንግሥት ነው፤ ስለዚህ በላስ ቬጋስ የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ከደጃፋቸው ጥቂት እንደ ወጡ ሊያድሩበት የሚችሉት ምድረ በዳ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ይህን አያውቁም።

ነፃ ነው ማለት ግን ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም። በአንድ ቦታ የሚቈይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ይገባል። ሰው ከዚህ ቀደም ያደረበትን፣ ሣሩ ያለቀበትንና መሬቱ የጠነከረውን ቦታ መምረጥ ነው እንጂ አዲስ መንገድ እየከፈቱ ወደ ሣሩ መንዳት ክልክል ነው። ከወንዝና ከኩሬ 200 ጫማ፣ ማለት 60 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሚጐበኘው ስፍራ ደግሞ ነፃነቱ ይጠብባል። በዩታ ግዛት ሞዓብ በምትባለው ከተማ ዙሪያ (ስሟን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የወሰዱት) ቀድሞ እንደ ልብ ይታደርበት የነበረው የቢ.ኤል.ኤም. መሬት በብዙ በኩል ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ እንዲሆን ተወስኗል፤ ከእነዚህም ክፍያ ያለባቸው አሉ። ይህም የሆነው ሰዎች ቆሻሻቸውን እየተዉ ስለ ሄዱ ነው፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ሳይሆን የመንገደኛው ነው።

ቦታው የሚፈለገው እንግዲህ በቀን ነው። እኛ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የያዝነው ልማድ ይህ ነው። በዋዜማው ወይም በጧት ለሚቀርበው የደን ወይም የቢ.ኤል.ኤም. ቢሮ ስልክ እንደውላለን፤ የምንጠይቀውም መኪናችን ይህን ያህል ርዝመት አለው፣ የሚያስገባው የትኛው መንገድ ነው? እሳት ማንደድ ዛሬ ተፈቅዷል ወይስ ተከልክሏል? መንገዱ ዝናብ የመታው እንደ ሆነ ይታለፋል? የሚል ነው። የደን መሥሪያ ቤት ለሞተር ተሽከርካሪ የተፈቀዱትን መንገዶች የሚያሳይ ካርታ በነፃ ይሰጣል፤ ከመንገዱ ዳር ምን ያህል ርቆ ማደር እንደሚቻልም ከዚሁ ካርታ ይታወቃል። ካርታውን በስልክ ላይ አስቀድሞ መጫን ይገባል፤ በዱር ውስጥ የስልክ መስመር ብዙ ጊዜ የለምና። እንደ አይኦቨርላንደር ያሉት፣ ተጓዦች ያደሩበትን ቦታ ለሌላው የሚጽፉባቸው የስልክ ካርታዎችም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ካቻምና የተፈቀደው ዘንድሮ ተዘግቶ ይገኛልና የመጨረሻውን ቃል ከመሥሪያ ቤቱ መስማት ይሻላል። ሁሉ ተሟልቶ ከቀኑ በ10 ሰዓት ከቦታው መድረስ መልካም ነው። በ10 ሰዓት የደረሰ ሰው ቦታው ባይስማማው ሌላ ለመፈለግ ብርሃን ይተርፈዋል።

የተከራየ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ የኪራይ ውሉን ሳያነብ ወደ ደን አይግባ። ብዙዎቹ አከራዮች መኪናቸው ከአስፋልት ወጥቶ በአፈር መንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላሉ፤ ተነድቶ ጉዳት የደረሰበት እንደ ሆነም ኢንሹራንሱ አይከፍልም ይላሉ። የደን መንገድ ደግሞ አብዛኛው የአፈር ነው። ስለዚህ ውሉን በሚፈርሙበት ቀን፣ በተደለደለ የጠጠር መንገድ መሄድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ካልተፈቀደ ከአስፋልቱ ሳይርቁ የሚገኙትን ርካሽ ቦታዎች መፈለግ ነው።

ስለ ርካሾቹ ቦታዎች ስንናገር፣ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል የምንለው የአያቶቹ ነገር ነው። ዕድሜው 62 ዓመት የሞላው፣ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የመግቢያ ካርድ በ80 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት የሚሆነውንም በ20 ዶላር መግዛት ይችላል። በዚህ ካርድ፣ በመኪና በሚገቡበት ፓርክ፣ ባለ ካርዱ ብቻ ሳይሆን አብረውት በመኪናው ያሉት ሁሉ ይገባሉ። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ የመንግሥት ሰፈሮች የማደሪያው ዋጋ ለባለ ካርዱ በግማሽ ይቀነሳል። ወታደራዊው የመሐንዲሶች ክፍል በሠራቸው ግድቦችና ሐይቆች ዳር ያሉት፣ ውሃና መጸዳጃ ያላቸው ጸጥተኛ ሰፈሮችም ይህንኑ ካርድ ይቀበላሉ። ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት ዜጋ ወይም ነዋሪም ተመሳሳዩን ካርድ በነፃ ያገኛል። በየቤቱ ልጅ ለመጠበቅ መጥተው አረንጓዴ ካርድ ያገኙ ስንት እናቶች አሉ! በመኪናው ውስጥ ክብራቸው የቈየ ነው፤ በዚህ ካርድ ግን የጕዞውን ወጪ የሚያቃልሉ እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለጕብኝት ብቻ የሚመጣው ዘመድ ግን ነገሩ ከብዶበታል። ከጥር 2026 ጀምሮ በአገሩ የማይኖር እንግዳ የዓመት ካርዱን የሚገዛው በ250 ዶላር ነው። ካርዱ ከሌለው ደግሞ እንደ ግራንድ ካንየን፣ ዮሴሚቲና ጽዮን ባሉት 11 ታላላቅ ፓርኮች ዕድሜው 16 ከሞላ ከመደበኛው መግቢያ በላይ 100 ዶላር ይጠየቃል። አራት ዘመድ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያሰላ በበሩ ላይ አይደነግጥም። በፓርኩ ድንበር ያለው ብሔራዊ ደን ግን ይህን ክፍያ አይጠይቅም።

በክረምት፣ ማለት እኛ ጥርና የካቲት በምንለው ወራት፣ ከብርዱ ሸሽተው ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ለሚወዱ ደግሞ በደቡብ አሪዞናና በካሊፎርንያ በረሓ ቢ.ኤል.ኤም. ከ1983 ጀምሮ የለያቸው ሰፈሮች አሉ። ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 (በፈረንጆች ቀን) ባለው ጊዜ ይታደርባቸዋል፤ ክፍያውም ለብዙ ዓመታት ለወራቱ ሁሉ 180 ዶላር፣ ለ14 ቀን 40 ዶላር ሆኖ ቈይቷል፤ ከመሄድ በፊት የዘመኑን ዋጋ መጠየቅ ይገባል። ጡረታ የወጡ አሜሪካኖች በኳርትዝሳይት ከተማ አጠገብ በብዛት ይሰፍራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር አውጥተው እየተጨዋወቱ ሲውሉ ላየ ሰው ገበያ የወጣ ሰፈር ይመስሉታል። ሕፃናት ላሏቸው ግን እምብዛም አንመክረውም።

በመንገድ ላይ ብቻ ለሚያልፍ ሰው የመደብሮች አደባባይና በአውራ ጐዳና ዳር ያሉ የመንግሥት ማረፊያዎች አሉ። የመደብሩ ነገር በሥራ አስኪያጁ ፈቃድና በከተማው ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ነው። እኛ አለመጠየቃችን ነው ዘበኛውን ያመጣብን። የጐዳናው ማረፊያ በካሊፎርንያ 8 ሰዓት፣ በቴክሳስ 24 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በሌሎቹም እንደየግዛቱ ሕግ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች መተኛት ብቻ ነው እንጂ ወንበር አውጥቶ፣ ምድጃ ለኩሶ መቀመጥ ነውርም ክልክልም ነው።

ስለ ውሃና ስለ ቆሻሻ ለእመቤቶች ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቤት የሚያስተዳድር ሰው መኪናንም ማስተዳደር አያቅተውም። በነፃ ቦታ ቧንቧ የለም፤ ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ 4 ሊትር ያህል፣ መያዝ ያስፈልጋል፤ የዕቃ ማጠቢያው ተጨማሪ ነው። የእድፉና የመጸዳጃው ውሃ በመኪናው በርሜል ተጠራቅሞ ለዚሁ ወደ ተሠራ ማፍሰሻ ይወሰዳል፤ በምንም ምክንያት በሜዳ ላይ አይፈስስም። ምግቡም፣ የቅባት ዕቃውም ሌሊት በመኪናው ውስጥ ተቈልፎ ይደር፤ ድብ ባለበት አገር ውጭ የቀረ የወጥ ሽታ እንግዳ ይጠራል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናስጠነቅቃለን፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርነውም ለገንዘብ ብለን ቢሆንም ይህን ለመናገር ጭምር ነው። ቡናችን በከሰል ካልፈላ ቡና አይመስለንም። በተራራማው አገር ሌሊቱ ይበርዳል፤ የግራንድ ካንየን ደቡብ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በበጋውም ቢሆን የንጋቱ ብርድ የአዲስ አበባን የኅዳር ጧት ያስታውሳል። እንግዲህ ብርድ የመታው ቤተ ሰብ በሩን ዘግቶ፣ የከሰሉን ማንደጃ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ቡናውን አፍልቶ፣ በፍሙም እየሞቀ ሊተኛ ይችላል። ይህ ሞት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። መጀመሪያ ራስን ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል፤ በእንቅልፍ የተያዘው ሰውም ሳይነቃ ይቀራል። በሰፊው የሣር ቤት ጢሱ በጣራው ይወጣ ነበር፤ የመኪናው ጣራ ግን ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ፍም ያለበት ነገር፣ የሚጠፋ መስሎ በአመድ የተዳፈነውም ቢሆን፣ ወደ መኪናው አይግባ። የመብራት ሞተሩም (ጀነሬተሩ) ከመኝታው መስኮት በታች አይነሣ። የዚህን ጋዝ መኖር በጩኸት የሚያስታውቀው ትንሽ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ መኖሩንና መሥራቱን መኪናውን በሚረከቡበት ጊዜ ተጭኖ መሞከር ነው፤ ከሌለ ገዝቶ መስቀል ነው። ዋጋው ከአንድ ሌሊት ማደሪያ አይበልጥም።

ውጭ ማፍላትስ ይቻላል? እንደ ወራቱ ነው። ምድሩ በደረቀ ጊዜ መሥሪያ ቤቶቹ የእሳት ክልከላ ያውጃሉ፤ ያን ጊዜ እንጨትም ከሰልም በውጭ ማንደድ ያስቀጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው በመዝጊያ የሚጠፋው የጋዝ ምድጃ ብቻ ነው። በካሊፎርንያ ባለው የመንግሥት ደን ውስጥ ደግሞ ለጋዝ ምድጃም ቢሆን በነፃ የሚሰጥ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ጥብቅነት የሚነቅፍ ሰው ቢኖር በ2025 በሐምሌ ወር የሆነውን ያስታውስ፤ በግራንድ ካንየን ሰሜን ጫፍ መብረቅ ያነሣው እሳት የታወቀውን የእንግዳ ማረፊያ ሕንጻ ከብዙ ቤቶች ጋር አቃጥሎታል። ስለዚህ በክልከላው ወራት ቡናው በጋዝ ይፈላል፤ እጣኑም ይቀራል። እኛ ሞክረነዋል፤ ቅር ያሰኛል፣ ግን ይጠጣል።

በበረሓው አገር ደግሞ ለጥ ብሎ አሸዋ የለበሰው፣ ከነፋስ የተጠለለው ደረቅ የወንዝ መሄጃ ለማደሪያ እጅግ ያምራል። በዚያ አይደርም። ደራሽ ውሃ ማለት ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ባያስፈልግም፣ በሐምሌና በነሐሴ በአሪዞናና በዩታ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ሰማዩ በጠራበት ቦታ ድንገት ሲደርስ ብዙ ሰው ወስዷል።

በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩት ወገኖቻችን «ይህ ሁሉ የምዕራቡ ነው፤ ለእኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። በምሥራቁ መሬቱ አስቀድሞ በግለ ሰብ እጅ የገባ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ሆኖም በቨርጂንያ ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተንና የጀፈርሰን ብሔራዊ ደን 1 ሚሊዮን 800 ሺሕ ኤክር ያህል ሲሆን፣ በብዙው ክፍሉ በነፃ ማደር ይፈቀዳል። ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ልጆቹ ቢሰለቹ፣ ወይም አያትየው ቢበርዳቸው፣ በጥቂት ሰዓት ከቤት ይደርሳል።

ወደ ራሳችን ነገር እንመለስና፣ በሁለተኛው ቀን ካርታውን ይዘን ወደ ካይባብ ደን ገባን። አከራዩን በስልክ ጠይቀን፣ በተደለደለው የጠጠር መንገድ እንድንሄድ ፈቀደልን። ከቀኑ በ10 ሰዓት ከጥዶቹ በታች አንድ ገላጣ ቦታ አገኘን። አሮጊቷ እናት ከመኪናው ወርደው መቋሚያቸውን እየተደገፉ ቦታውን ዞሩት፤ አንድ የደረቀ ዛፍ ወደ መኪናው ማዘንበሉን አይተው «ወዲህ አምጡት» ብለው መኪናውን ሃያ እርምጃ አስነሡት። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «የማን ርስት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው የመንግሥት መሆኑን ነገራቸው። «ታዲያ ግብሩን ማን ይቀበላል?» አሉ። ማንም አይቀበልም ቢላቸው አላመኑም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሰው መጥቶ የሚያስነሣን መስሏቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም አሉ። ውድቅት ሲሆን ኮዮቴ የሚባሉት፣ ቀበሮ የሚመስሉት አውሬዎች ሲጮኹ «ጅብ ነው?» አሉን፤ በዚህ አገር ጅብ የለም ብንላቸው ጊዜ ግን ጫማቸውን አወለቁ።

በሩን የደበደበ ሰው አልነበረም። በነጋታው ቡናውን በጋዝ አፍልተው፣ ልጆቹን ወረቀት እንዲለቅሙ አዘው፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ቈጠሩ። አንዲት የሻይ ማንኪያ ጐደለች። አባወራው ሌላ እንገዛለን ቢል፣ በሰው ምድር ላይ ዕቃ አንተውም ብለው እንቢ አሉ። ሁላችንም በጥዱ ቅጠል መካከል ተንበርክከን ፈለግን፤ ትንሿ ልጅ ከጐማው ሥር አገኘቻት፤ የተነሣነውም በ3 ሰዓት ነው።